ስለ ታንከር ግንባታ ፈቃድና ክፍያ ድሬዳዋ ላይ የሚነገሩ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ ሮቶ (የውሃ ታንከር) የሌለበት ግቢ ማግኘት ይከብዳል። ለጄኔሬተሩና ለመኪኖቹ የናፍጣ ታንከር ማቆም የሚፈልግ ነጋዴም አለ። ስለ ፈቃዱና ስለ ክፍያው የሚወራው ግን ብዙ ጊዜ ስህተት ነው፤ ስህተቱ ደግሞ ሰው ይጎዳል።

«ታንከር ቤት አይደለም፣ ምን ፈቃድ ያስፈልገዋል?»

ሮቶው ዕቃ ነው፤ ጥያቄው የሚቆምበት ላይ ነው። በ2001 ዓ.ም የወጣው የህንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ህንፃን ሲተረጉም ለመኖሪያ፣ ለቢሮ፣ ለፋብሪካ ወይም ለሌላ ማንኛውም አገልግሎት የሚውል ቋሚ ወይም ጊዜያዊ ግንባታ ብሎታል። 5,000 ሊትር ውሃ 5 ቶን ይመዝናል። ሳቢያን ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ይህን ክብደት የተሸከመ የቱቦላሬ መቆሚያ አይቻለሁ። እግሮቹ አፈር ላይ በተጣለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ብየዳው ዝጓል፣ ከሥሩ ልጆች ብይ ይጫወታሉ። ስሌቱን መሐንዲስ አይቶት ቢሆን እግሮቹ ኮንክሪት መሠረት ውስጥ ይገቡ ነበር። የፈቃድ ክፍያ የሚከፈለው ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ ነው።

«ከፍያለሁ፣ ስለዚህ መጀመር እችላለሁ።»

ደረሰኝ ፈቃድ አይደለም። ፕላኑ ጉድለት ካለበት ተስተካክሎ እንዲመጣ ይመለሳል። ያለ ደረሰኝ ለደላላ የተሰጠ ገንዘብማ ጭራሽ የፈቃድ ክፍያ አይባልም።

«የነዳጁም እንደ ውሃው ነው፤ አንድ ቦታ ከፍሎ መገላገል ነው።»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የምንጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ኖራ ምስክር ነው። ናፍጣ አንዴ ወደ አሸዋው ከሰረገ መልሶ ማውጣቱ እጅግ ከባድ ነው። ለዚህ ነው የነዳጅ ታንከር ዙሪያውን ግንብ የሚሠራለት። በሙያው የተለመደው ልክ ግንቡ የትልቁን ታንከር መጠን 110 በመቶ እንዲይዝ፣ ወለሉም እንዳያሰርግ ነው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ግምገማ ለሚያስፈልገው ፕሮጀክት ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ከአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይሁንታ መገኘቱን እንዲያረጋግጥ ያዛል። የግንባታ ፈቃዱን ከፍሎ መጨረስ ይህን አይተካም፤ በጀትዎን ሲይዙ ለይተው ያስቡት።

«የደቻቱ ወንዝ ደረቅ ነው፣ ዳሩ ላይ ባቆመው ምን ይሆናል?»

በ1998 ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ባዶ ታንከር ጎርፍ ሲደርስበት ይንሳፈፋል፤ ቧንቧውን ገንጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ ቦታውን መቀየር የማይቻል ከሆነ ታንከሩ ከመሠረቱ ጋር በምን እንደሚታሰር ገና ከጅምሩ ስዕሉ ላይ ይስፈር።