ቢራው የት ሄደ? ስለ ስታዲየም መብልና መጠጥ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብሎ ፕሪሚየር ሊግ የሚያይ ሰው አንድ ነገር ልብ ሳይል አይቀርም። እኛ ጠረጴዛ ላይ ድራፍቱ ተደርድሯል። እዚያ ስታዲየም ውስጥ ያለው ፈረንጅ ግን እጁ ባዶ ነው። ካሜራው ደጋፊውን ሁሉ እየዞረ ሲያሳይ አንዲት ብርጭቆ አትታይም። ክርክሩ የሚጀመረው ይሄኔ ነው። አንዱ «እዚያ ቢራ ክልክል ነው» ይላል። ሌላው «ኧረ ባክህ! እንግሊዝ ያለ ቢራ ኳስ ያያል?» ብሎ ይስቅበታል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። እንዲህ ያሉትን የሰማኋቸውን ሰብሰብ አድርጌ ላጥራቸው ብዬ ነው። ዓመቶቹም ቀኖቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«እንግሊዝ ስታዲየም ውስጥ ቢራ አይሸጥም»

ይሸጣል። የተከለከለው ሜዳውን እያዩ መጠጣት ነው። በ1985 የወጣ ሕግ ነው፤ በእንግሊዝና በዌልስ ይሠራል። ከወንበሮቹ ኋላና ስር ባለው መተላለፊያ ላይ መሸጫዎች አሉ። ክለቡ ፈቃድ ካለው ቢራህን እዚያ ትገዛለህ፣ እዚያው ቆመህ ትጨርሳለህ። ብርጭቆህን ይዘህ ወደ ወንበርህ የሚያወጣውን ደረጃ ስትረግጥ አስተናባሪው ያቆምሃል። የቪአይፒ ክፍሎችም አላመለጡም። ጨዋታው ሊጀመር 15 ደቂቃ ሲቀረው፣ ክፍሉ ሜዳውን የሚያሳይ ከሆነ መጠጡ ከፊት መነሳት አለበት።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ያስቃል። 40ኛው ደቂቃ ላይ ሰው ከወንበሩ መነሳት ይጀምራል። እረፍቱ 15 ደቂቃ ነው። በዚያች ውስጥ ተሰልፎ፣ ገዝቶ፣ ጠጥቶ፣ ሽንት ቤት ደግሞ ተሰልፎ መመለስ አለበት። ስለዚህ ይጨልጠዋል። ስካርን ለመቀነስ የወጣው ሕግ ሰውን ጨላጭ አደረገው የሚሉ አሉ። እኔም የምስማማው ከእነሱ ጋር ነው።

ደግሞ እኮ ሕጉ ለሁሉም ስፖርት አይደለም። በዚያው በቶተንሃም ስታዲየም የአሜሪካ ፉትቦል ሲደረግ ቢራህን ይዘህ ወንበርህ ላይ ትቀመጣለህ። ራግቢና ክሪኬትም እንደዚያው ነው። በ2025 ደግሞ አንዳንድ የሴቶች ቡድኖች ደጋፊው ወንበሩ ላይ ሆኖ እንዲጠጣ ሞክረዋል። ያው ወንበር፣ ያው ቢራ፤ የተለወጠው ሜዳ ላይ ያለው ጨዋታ ብቻ።

«ሕጉ የመጣው በሂልስቦሮ አደጋ ነው፤ ደጋፊው ሰክሮ ተረጋግጦ»

እዚህ ላይ ሁለት ስህተት አለ። የመጀመሪያው የቀን ነው። በእንግሊዙ የሂልስቦሮ ስታዲየም አደጋው የደረሰው ሚያዝያ 15 ቀን 1989 ነው፤ ሕጉ ከወጣ ወደ አራት ዓመት ሊሆነው ነበር። ስኮትላንድማ ከዚያም በፊት ነው የከለከለችው። በ1980 የዋንጫ ፍጻሜ ላይ የሴልቲክና የሬንጀርስ ደጋፊዎች ሜዳ ገብተው ከተደባደቡ በኋላ።

ሁለተኛው ግን የሰው ስም ማጥፋት ነው። 97 የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሕይወታቸውን ያጡበት አደጋ ነው። ገና ከጅምሩ «ጠጥተው መጥተው ነው» የሚል ወሬ ተነዛ። ጉዳዩን የመረመሩት ዳኛ ሎርድ ቴይለር ዋናው ጥፋት ፖሊስ ሕዝቡን መቆጣጠር አለመቻሉ ነው አሉ። ወሬው ግን አልሞተም። በ2016፣ ከ27 ዓመት በኋላ፣ ከሕዝብ የተውጣጡ የምርመራው ዳኞች (ጁሪ) ሟቾቹ የሞቱት በሕገወጥ መንገድ እንደሆነ፣ ደጋፊው ለአደጋው ምንም አስተዋጽኦ እንዳልነበረው ወሰኑ። እኛ ጋ አሁንም «ሰክረው ነው» የሚል አይጠፋም።

ቴይለር በ1990 ባወጡት ሪፖርት የምወደው አንድ ነገር አለ። ስለ አጥርና ስለ ወንበር ብቻ አልጻፉም፤ ሽንት ቤት ድረስ ወርደዋል። የስታዲየሞቹ ሽንት ቤት ቆሻሻና ጥቂት ነው፣ ይህም የሰውን ጠባይ ራሱ ያበላሻል ብለው ነበር። እውነታቸውን ነው። ግድግዳ ላይ እንዲሸና የተገደደ ሰው ቦታውን ሊያከብር አይችልም።

«ቆሎና ለውዝ ማንን ይጎዳል?»

ግንቦት 11 ቀን 1985፣ ብራድፎርድ ከተማ። የስታዲየሙ ዋና መቀመጫ ከእንጨት የተሠራ አሮጌ ነገር ነበር። በወለሉ ክፍተት ሰው ለዓመታት ወረቀትና መጠቅለያ ሲጥል ኖሯል። ቆሻሻው ስር ተከመረ። ስለ ክምሩ አስቀድሞ በደብዳቤ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ነበር፤ የሰማ ግን አልነበረም። የዚያን ቀን አንድ ክብሪት ወይም የሲጋራ ቁራጭ በክፍተቱ ወደቀ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መቀመጫው ከጫፍ እስከ ጫፍ ነደደ። 56 ሰው ሞተ።

በኋላ ከስር ሲፈተሽ የ1968 ጋዜጣ ተገኘ። አብሮም አንድ የለውዝ መጠቅለያ። ዋጋው የተጻፈበት በአሮጌው የእንግሊዝ ገንዘብ ነበር፤ ያ ገንዘብ በ1971 ነው የቀረው። አንድ ሰው ለውዙን በልቶ መጠቅለያውን እግሩ ስር ጣለ፤ ቢያንስ ለ14 ዓመት ያነሳው የለም።

እኔ ራሴ አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ በሚባለው በኩል ተቀምጬ ቆሎ ስቆረጥም ወረቀቱን እግሬ ስር ነበር የምጥለው። የእኛው ሲሚንቶ ነው፣ እንደዚያኛው አይነድም። ቢሆንም ይህን ካነበብኩ ወዲህ ወረቀቷን ኪሴ ነው የምከታት።

«ኳታር ቢራን ጭራሽ ከለከለች»

በ2022 የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ስታዲየሞቹ አካባቢ ቢራ እንደማይሸጥ ተነገረ። ስፖንሰሩ በድዋይዘር ክው አለ። ግን ጭራሽ አልተከለከለም። ማታ ማታ ደጋፊው በሚሰበሰብበት የፊፋ ሜዳ ይሸጥ ነበር፤ ሆቴሎችም ነበሩ። በስታዲየሙ ውድ ክፍሎች ውስጥም መጠጥ አልጠፋም። ለሰፊው ሕዝብ የቀረለት አልኮል የሌለው ቢራ ነው። ክልከላው በእምነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሀብታሙም ባልጠጣ።

ብራዚል ላይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነበር የሆነው። አገሪቱ ስታዲየም ውስጥ መጠጥ ከልክላ ነበር። ፊፋ ለ2014ቱ ዋንጫ ካልተፈቀደ ብሎ ያዘ፤ በ2012 ለውድድሩ የሚሆን ልዩ ሕግ ወጣ።

«ዘመናዊ ስታዲየም ላይ ሰልፍ የለም»

ዌምብሌይ 2,618 ሽንት ቤት አለው። በዚህ የሚበልጠው ሕንፃ የለም ይባልለታል። 90,000 ሰው ሲሞላበት ግን ለአንዱ 34 ሰው ይደርሰዋል። ሁሉም በእረፍት ልሂድ ካለ ለአንድ ሰው 26 ሰከንድ። ቀበቶ መፍቻም አትበቃ። ቶተንሃሞች የቢራውን ሰልፍ ለማሳጠር ብርጭቆው ከታች የሚሞላበት ማሽን አስገብተዋል። ከብርጭቆው ስር ማግኔት ያለባት ክዳን አለች፤ ቢራው ከስር ገፍቷት ይገባል፣ ሲሞላ ተመልሳ ትዘጋለች። ቆንጆ ነገር ነው። የሽንት ቤቱን ሰልፍ የሚያሳጥር ማሽን ግን ገና አልተሠራም።

«ፈረንጅ ስታዲየም ሆትዶግ ብቻ ነው የሚበላው»

ጀርመን ቋሊማ በዳቦ፣ እንግሊዝ ሥጋ የተሞላ ትኩስ ፓይ፣ በብርድ ቀን ደግሞ ቦቭሪል የሚባል የሥጋ መረቅ በኩባያ። ስፔን ከሄድክ እንደ አገርህ ይሰማሃል፤ ሱፍ እየፈለፈሉ ነው የሚያዩት። ፎረስት ግሪን ሮቨርስ የሚባለው የእንግሊዝ ክለብ ከ2015 ጀምሮ ስታዲየሙ ውስጥ የሚሸጠው የጾም ብቻ ነው። ለእኛ ሁዳዴ ይመች ነበር።

«ካፍ ሜዳችንን ያገደው በሳሩ ነው»

ሳሩ አንዱ ነው እንጂ ብቻውን አይደለም። ካፍ፣ ማለት የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ሲመረምር የልብስ መቀየሪያ ክፍሉን፣ መብራቱን፣ የተመልካቹን ወንበርና መጸዳጃውን ሁሉ ያያል። ባሕር ዳር በ2021 ከታገደ በኋላ ከጋና ጋር «በሜዳችን» የተጫወትነው ጆሃንስበርግ ነው። በ2022 ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍም ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነበርን። ያን የመሰለ ድል ካታንጋ ሆነን ሳናየው ቀረ።

«የሃይላንዱን ክዳን የሚነጥቁን ለክፋት ነው»

ይሄ እንግሊዝ ስታዲየም የገባ ዘመድ ሁሉ የሚያማርርበት ነው። ውሃ ትገዛለህ፣ ሻጩ ክዳኑን ፈትቶ ያስቀረዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ክዳኑ የተዘጋ ሙሉ ሃይላንድ ቢወረወር እንደ ድንጋይ ነው፤ ክፍት ከሆነ ግን ውሃው አየር ላይ ይፈስና ላስቲኩ ብቻ ይቀራል። ሲለምዱት ግን መላ አያጡም፤ ልምድ ያለው ደጋፊ ከቤቱ ትርፍ ክዳን ኪሱ ውስጥ ጣል አድርጎ ነው የሚመጣው።