ለሶፍትዌር ፓተንት፦ ምን ይገባዋል፣ ምን አይገባውም?

አምስት ኪሎ ባለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማሩም ሆኑ ከካዛንቺስ እስከ ቦሌ ቢሮ የተከራዩ ጀማሪ ድርጅቶች አንድ አፕ ሠርተው ሲጨርሱ ፓተንት፣ ማለትም ሌላው ያለ ፈቃድ ፈጠራውን እንዳይጠቀምበት መንግሥት ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጠውን ብቸኛ መብት፣ ማሰባቸው አይቀርም። ሕጋችን ግን መልሱን አስቀድሞ ሰጥቷል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ፣ አነስተኛ ፈጠራና ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123 በአንቀጽ 4 ፓተንት የማይሰጣቸውን ሲዘረዝር የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ይጨምራል። የጨዋታ ሕጎች፣ የንግድ አሠራር ዘዴዎችና የሒሳብ ስልቶችም እዚያው አሉ።

ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ፣ ግን ያለ ጠባቂ አልቀረም። የ1996ቱ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ፕሮግራምን እንደ ድርሰት ይጠብቀዋል። ጥበቃው ያለ ምዝገባ ይጀምራል፤ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። የሰው ኮድ ገልብጦ መሸጥ ክልክል ነው። ሐሳቡን ወስዶ የራስን ኮድ መጻፍ ግን ይቻላል።

ብዙ ሠሪዎችን የሚያበሳጨው ይህ ነው። እኔ ግን ሕጉ ልክ ነው እላለሁ። ሜክሲኮ አደባባይ ለቆመ ተሳፋሪ ቅርብ ያለውን ታክሲ የሚጠራ አፕ እናስብ። ፓተንት እዚህ አገር 15 ዓመት ይቆያል፤ በአገር ውስጥ በሚገባ ከተሠራበት 5 ዓመት ይጨመርለታል። ያን ሁሉ ጊዜ «ቅርቡን ጥራ» የሚለው ሐሳብ የአንድ ድርጅት ብቻ ቢሆን ሌላው ወጣት ምን ይሥራ? አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1999 በአንድ ጠቅታ ዕቃ ለመግዛት ለሚያስችል ዘዴ ለአማዞን ፓተንት ሰጥታ ነበር። ጊዜው ያበቃው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እንዲህ ያለው ፈጽሞ ሊፈቀድ አይገባም ነበር።

አስቸጋሪው ጉዳይ ፕሮግራሙ ከማሽን ጋር ሲጣመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዳይመንድና ዲር ክርክር ጎማ የሚያበስል ማሽንን የሙቀት መጠን እየለካ፣ በቀመር እያሰላ፣ መቼ መከፈት እንዳለበት የሚወስን ሂደት ፓተንት ሊሰጠው እንደሚችል ወሰነ። ፓተንት የሚሰጠው ለቀመሩ ሳይሆን ለጎማ አሠራሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ አሊስ በተባለ ድርጅት ጉዳይ ያው ፍርድ ቤት የቆየ የገንዘብ ልውውጥ ሐሳብን ኮምፒዩተር ላይ መጫን ብቻውን ፈጠራ አያሰኝም አለ። የአውሮፓ ፓተንት ስምምነትም ፕሮግራምን የሚከለክለው ለብቻው ሲቀርብ ነው።

መስመሩ መሰመር ያለበት እዚህ ይመስለኛል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሙቀቱን ራሱ እየለካ፣ ኃይሉን አዲስ በሆነ መንገድ እየቀነሰ እንጀራ ሳያሳርር ቢጋግር፣ ምጣዱና አጋገሩ በአዲስነትና በፈጠራ ብቃት ሊመዘኑ ይገባል። ውስጡ ኮድ ስላለ ብቻ ከደጅ ሊመለሱ አይገባም። የእንጀራ ትእዛዝ የሚቀበል አፕ ግን የንግድ አሠራር ነው።

የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር መጻፊያም ሌላ ፈተና ነው። አሜሪካ ውስጥ ለእንዲህ ያለ ዘዴ ፓተንት ተሰጥቷል። የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል ያውጣ የሚለው ለሁሉም ክፍት ቢሆን እመርጣለሁ፤ ያለ ፊደሉ ማንም አይጽፍምና። ደግሞም ፓተንት ከሰጠው አገር ድንበር አያልፍም። አዲስ አበባ ውስጥ ያልተከለከለ አፕ አሜሪካ ሲሸጥ ሊያስከስስ ስለሚችል፣ ለውጭ ገበያ የሚሠራ ድርጅት የዚያን አገር መዝገብ አስቀድሞ ማየት አለበት።