የተገለበጠ ክፍል ምንድን ነው?

ስሙ አያምርም። ድሬዳዋ ውስጥ «ተገለበጠ» ሲባል ሰው ቀድሞ የሚያስበው ባጃጅ ነው። በማስተማር ሥራ ግን የተገለበጠው ቦታው ነው። መምህሩ ክፍል ውስጥ ቆሞ ይሰጠው የነበረው ገለጻ ወደ ቤት ይሄዳል፤ ተማሪው ማታ ብቻውን ይታገለው የነበረው መልመጃ ደግሞ ወደ ክፍል ይመጣል። ገለጻው አብዛኛውን ጊዜ በአጭር ቪዲዮ ተቀድቶ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ይታያል።

የኬሚስትሪውን ሞል፣ የቁስ መጠን የሚለካበትን አሃድ፣ እንውሰድ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ «አንድ ሞል ውኃ 18 ግራም ነው» ብሎ ሲጽፍ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። 18 ግራም ውኃ የቡና ሲኒ ሩብ ያህል ቢሆን ነው፤ ይህን ለመስማት የሚከብድ ነገር የለውም። ጉዱ የሚመጣው ተማሪው ማታ፣ «የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ውኃ ስንት ሞል ነው?» የሚለውን የቤት ሥራ ይዞ ሲቀመጥ ነው። ግማሽ ሊትር ውኃ 500 ግራም ነውና 500ን ለ18 ማካፈል ሲገባው ያባዛና 9000 የሚል መልስ ያገኛል። ስህተቱን የሚያይለት ሰው አጠገቡ የለም። አባት ሱቅ ናቸው፣ እናት ስለ ሞል ሰምተው አያውቁም። በማግሥቱ ጠዋት ደወል ሳይደወል መልሱን ከጓደኛው ደብተር ይገለብጣል። እንግዲህ መገልበጥ ድሮም ነበረ ማለት ነው።

ሥራው ሲገለበጥ ተማሪው ስለ ሞል የሚናገረውን ቪዲዮ ቤቱ አይቶ ይመጣል። ካልገባው ያቆመዋል፣ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ክፍል ውስጥ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ሲያሰላ መምህሩ በወንበሮቹ መካከል እየተዘዋወረ ያያል። 500ን በ18 ሊያባዛ ሲል እዚያው ይደርስበታል፦ «የአንዱ ክብደት 18 ከሆነ፣ 500 ውስጥ ስንት 18 አለ?» ተማሪው ራሱን ያርምና ወደ 28 ሞል ገደማ ይደርሳል። ዘዴው የሚለፋው ለዚህች ቅጽበት ነው።

ሒሳቡም ቀላል ነው። 60 ተማሪ ባለበት የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው 40 ሰከንድ ነው። መምህሩ 25 ደቂቃ ሰሌዳው ላይ ከቆየ 15 ሰከንድ ትቀራለች። እዚህ ላይ አንድ የከተማችን ነገር ትዝ ይለኛል። ድሬ ውስጥ ታላቅን «አንተ» ማለት ነውር አይደለም፤ ልጁ ከማንም ጋር በድፍረት ያወራል። ክፍል ውስጥ ግን በ60 ሰው ፊት እጁን አውጥቶ «አልገባኝም» ለማለት ያ ድፍረት ይጠፋበታል። መምህሩ ወደ ደብተሩ ጎንበስ ሲልለት ግን በሹክሹክታ ይጠይቃል።

ዘዴውን በስፋት ያስተዋወቁት ጆናታን በርግማን እና አሮን ሳምስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የኬሚስትሪ መምህራን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ኮሎራዶ ውስጥ ዉድላንድ ፓርክ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በስፖርት ውድድርና በጉዞ ምክንያት ለሚቀሩ ተማሪዎች ብለው ትምህርታቸውን መቅዳት ጀመሩ። ያልቀሩትም ተማሪዎች ያዩት ጀመር። ገለጻው ተቀድቶ ካለ ክፍል ውስጥ መድገሙ ለምን ያስፈልጋል ብለው ወደዚህ ዞሩ። ቪዲዮ ግን ግዴታ አይደለም። በሃርቫርድ ፊዚክስ የሚያስተምሩት ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተማሪዎቻቸው አንብበው እንዲመጡ፣ ክፍል ውስጥ ደግሞ ጥያቄ ተሰጥቷቸው እርስ በርሳቸው እንዲከራከሩ ያደርጉ ነበር።

እኔ የፕላዝማ ልጅ ስለሆንኩ ይህን ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በሳተላይት እየተሠራጨ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር። በተማርኩበት የድሬዳዋ ትምህርት ቤት ቴሌቪዥኑ ብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይኖራል። የፕላዝማው መምህር በፈጣን እንግሊዝኛ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ ማንም ሳይመልስለት «በጣም ጥሩ» ብሎ ይቀጥላል። የእኛው መምህር ጠመኔ እንደያዙ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። መብራት ሲጠፋ ክፍሉ በጭብጨባ ይናጋል፤ ያን ጊዜ መምህራችን ወደ ሰሌዳው ይመጡና በአሥር ደቂቃ ያስረዱናል።

ሁለቱም ቪዲዮ ስለሚጠቀሙ ብዙ ሰው የተገለበጠ ክፍልን ከፕላዝማ ጋር ያመሳስለዋል፤ አሠራራቸው ግን ተቃራኒ ነው። ፕላዝማ ቪዲዮውን ወደ ክፍል አስገብቶ የመምህሩን ጊዜ ወሰደ። የተገለበጠ ክፍል ቪዲዮውን ከክፍል አስወጥቶ ጊዜውን ለመምህሩ ይመልሳል። የሳተላይት ሥርጭት ማንንም አይጠብቅም ነበር፤ ስልክ ላይ ያለ ቪዲዮ ግን ሦስት ጊዜ ይደገማል። ደግሞም የሚናገረው የተማሪዎቹ የራሳቸው መምህር ከሆነ፣ የሚያስረዳቸው በሚያውቁት ቋንቋና በሚያውቁት ምሳሌ ነው።

ቪዲዮው አጭር መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ በኢንተርኔት ከሚሰጡ ኮርሶች 6.9 ሚሊዮን ያህል የቪዲዮ ዕይታዎችን የመረመረ ጥናት፣ ተመልካች ከ6 ደቂቃ በኋላ ልቡ እንደሚሸፍት አሳይቷል። ለኪስም ይበጃል፤ 6 ደቂቃ ቪዲዮ ጥራቱ ዝቅ ተደርጎ ሲቀዳ ከ20 ሜጋባይት ሊያንስ ይችላል። መምህሩ ስልኩን በመጻሕፍት አስደግፎ ወረቀት ላይ እየጻፈ መቅዳት ይችላል። ለማከፋፈልም ሁሉም ቤት ኢንተርኔት አያስፈልግም። አንዱ በቴሌግራም ያወርዳል፣ ሌላው በሚሞሪ ወይም በፍላሽ ይቀበላል፤ የድሬ ወጣት ዘፈንና ፊልም ሲቀባበል የኖረው እንዲህ ነው።

ስልክ የሌለውስ? ይህ ጥያቄ ሊታለፍ አይገባም። ዘዴው እንዳለ ቢተከል የሚጎዳው የደሃ ልጅ ነው። አንዳንድ መምህራን መፍትሔ ያደረጉት ክፍሉን እዚያው ግቢ ውስጥ መገልበጥ ነው። ተማሪው በቡድን ይከፈላል፤ አንዱ ቡድን ኮምፒውተር ላይ ቪዲዮውን ሲያይ ሌላው ከመምህሩ ጋር መልመጃ ይሠራል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ለ60 ተማሪ ጥቂት ኮምፒውተር ቢገኝም ያስኬዳል። ገለጻውን በአንድ ገጽ ጽፎ፣ አባዝቶ መስጠትም ያው ነው።

ስልክ እያለው ሳያይ የሚመጣው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አዲስ ጀማሪ መምህር ያዝንለትና ገለጻውን ከመጀመሪያው ይደግምለታል። ይህን ሲያደርግ፣ ማታ ቪዲዮውን አይተው የመጡት ልጆች በከንቱ እንደደከሙ ይቆጥሩታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት እነሱም ሳያዩ ይመጣሉ። ስለዚህ ያላየው ጥግ ይዞ ቪዲዮውን እዚያው ያያል፣ መልመጃውን በኋላ ይደርስበታል፤ መምህሩ ጠርሙሳቸውን አቁመው ወደሚያሰሉት ይሄዳል።