በድንጋዮቹ መጋጠሚያ የሚሞላው ማያያዣ ከድንጋዩ ይድከም የሚባለው ለምንድን ነው?

በጥንታዊ የድንጋይ ሐውልቶች ጥገና ብዙ ሰው የሚያደናግረው ደንብ ይሄ ነው፤ ጠንካራው የሚሻል ይመስላላ! ቁም ነገሩ ያለው እርጥበቱ ላይ ነው። ድንጋይ ውስጥ የሰረገ ውሃ የሟሟ ጨው ይዞ ይዞራል፤ የሚወጣውም በቀለለው በኩል ነው። መጋጠሚያው በሲሚንቶ ከተደፈነ መውጫው ድንጋዩ ራሱ ይሆናል። ውሃው ሲተን ጨዉ ከገጹ ሥር ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይጠጥራል፤ እየገፋም ፊቱን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ያነሳዋል። ሲሚንቶው ሳይነካ ቆሞ ዙሪያው ያለው ድንጋይ ወደ ውስጥ ተበልቶ ካያችሁ፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። የኖራ መጋጠሚያ ግን እርጥበቱን በራሱ ያስወጣል፤ ሲፈረፈር ተፍቆ ይተካል። የተለመደው መነሻ 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ የታጠበ አሸዋ ነው። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ነው፤ ለዚህም እርጥበት ስለሚያስፈልገው ለቀናት በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን፤ ቶሎ ከደረቀ ዱቄት ሆኖ ይቀራል።