እንሶስላ ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን እንሶስላን የምናውቀው ከመሬት ከወጣ በኋላ ነው። ወይ ሥሩን ገበያ ላይ አይተናል፣ ወይ ደግሞ ሙሽራዋ እጅ እግሯን ሞቃ ስትወጣ ቀለሙን አይተናል። አበባውን ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ በጣም ነው የሚያምረው።

እንሶስላ ጥላና እርጥበት ይወዳል። ደጋው ላይ ጫካ ውስጥና ወንዝ ዳር ታገኙታላችሁ። ግንዱ ለስላሳና ውሃ የሞላው ነው፣ ሲመቸው ከሰው ቁመት ይበልጣል። አበባው ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ላይ ወይን ጠጅ ቀለም አለው። ከኋላው ስታዩት እንደ ጅራት ቀጥኖ የወረደ ረጅም ቱቦ አለ፤ ጣፋጩ ፈሳሽ ያለው እዚያ ውስጥ ስለሆነ፣ ምላሱ አጭር የሆነ ነፍሳት አይደርስበትም።

ሳይንሳዊ ስሙ ኢምፓቲየንስ ቲንክቶሪያ ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1847 ያወጣለት ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አሺል ሪሻር ነው። የመጀመሪያው ቃል «ትዕግሥት የለሽ» ማለት ነው፤ ለምን እንደተባለ ለማወቅ የደረሰ ፍሬውን በጣት ነካ ማድረግ ይበቃል። ጧ ብሎ ይፈነዳል! ቅርፊቱ ጥቅልል ይልና ዘሩን ወዲያ ወዲህ ይበትነዋል። ሁለተኛው ቃል «የማቅለሚያ» ማለት ነው፣ እሱ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ምደባው ላይ ስንመጣ፣ ወገኑ ኢምፓቲየንስ ከ1,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። አስተኔው ማለትም ቤተሰቡ ባልሳሚናሴ ነው፤ የሚገርመው በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ያሉት ወገኖች ሁለት ብቻ ናቸው፣ ሌላኛውም ያለው አንድ ዝርያ ብቻ ነው፣ እሱም እስያ ውስጥ ረግረግ ላይ የሚበቅል። ከፍ ብለን ክፍለ መደቡን ስናይ ደግሞ ኤሪካሌስ ነው፤ የደጋው አስታና ሻይ ቅጠልም እዚሁ ውስጥ ናቸው።

እንሶስላ ሂና አይደለም። ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ይጠራቸዋል፣ ግን ዝምድናቸው ሩቅ ነው፤ ሂና እንዲያውም ለሮማን ነው የሚቀርበው። የሂና ቀለም ከቅጠሉ ይወጣል፣ የእንሶስላ ግን እንደ ድንች ካበጠው ሥሩ። ሥሩ ታጥቦ ይወቀጣል፣ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ይደረግና ይታሰራል፣ ቀለሙ እስኪይዝም እንደታሰረ ይቆያል።