የሐረር የጅብ ምገባ፦ ደግነት፣ ጓደኝነትና የልጆች ትምህርት

የሐረር የጅብ ምገባ በጁገል፣ ማለትም በግንብ በታጠረችው በጥንታዊቷ ከተማ፣ ዳርቻ በየምሽቱ ለዱር ጅቦች ሥጋ በእጅና በአፍ የማጉረስ ልማድ ነው። ጅቦቹ አልተገሩም፣ አልታሰሩም፤ ከከተማዋ ዙሪያ ካሉ ጉድጓዶቻቸው መጥተው በልተው ይመለሳሉ። ልማዱ በአብዛኛው የሚወራው በቱሪዝም በኩል ነው፤ «የጅቡ ሰው» ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶው ዓለምን ይዞራል፣ ነገሩ እዚያ ያበቃል። ለሐረር ልጆች ግን ጅብ ከሌላው የአገራችን ልጅ በተለየ መልኩ የሚያውቁት ጎረቤት ነው። ከእንስሳት ጋር ስለ መኖር፣ ስለ ደግነትና ስለ ፈጠራ ልጆችን ማስተማር የሚፈልግ ትምህርት ቤት ወይም የእንስሳት ማቆያ ከዚህ የሚቀስመው ብዙ ነገር አለ።

ግንቡና ቀዳዳዎቹ

ሐረር ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 525 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ጁገልን የከበበው ግንብ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን የተሠራ ነው። ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. ከተማዋን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ (የሙስሊም ቅዱሳን) ቦታዎች እንዳሏት ጠቅሷል። አምስቱ ነባር በሮች በድሮ ጊዜ ሲመሽ ይዘጉ ነበር። በሩ የተዘጋው ለሰው ነው እንጂ ለጅብ አይደለም፤ ከግንቡ ግርጌ ሐረሪዎች «ወራባ ኑዱል» የሚሏቸው የጅብ መግቢያ ቀዳዳዎች አሉ። ጅቡ በሌሊት በእነዚህ ይገባና በጠባቦቹ መንገዶች እየተዘዋወረ የሥጋ ቤት ትራፊውን፣ አጥንቱንና የሞተውን እንስሳ ሁሉ ጠርጎ ከመንጋቱ በፊት ይወጣል። የጁገል ሰው ጅብ ከቆሻሻው በተጨማሪ ጂንም ይበላል፣ ከተማውን ከክፉ መንፈስ ያጸዳል ብሎ ያምናል። በዚህ ምክንያት ሌሊት ጅብ ከበር ላይ ሲያልፍ ቢሰማ ድንጋይ አንስቶ የሚወጣ ብዙም የለም።

የጽዳቱን ነገር ሳይንስም ይደግፈዋል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ የመቀሌ ጥናት፣ በዚያች ከተማ ዙሪያ ያሉ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የሞተ እንስሳ ትራፊ እንደሚያነሱ ገምቷል። ይህ ካልሆነ በየዓመቱ 5 ሰዎችና 140 የቤት እንስሳት በአባ ሰንጋና በከብት ሳንባ ነቀርሳ ሊያዙ ይችሉ እንደነበር አስልቷል። ሐረር ላይ የተሠራ ጥናት ባይሆንም ሥራው ያው ነው። ሌላ የትግራይ ጥናት ደግሞ በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ ጅቦች ወደ አህያ አደን እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። ጾሙን የሚከፍለው አህያ ነው ማለት ነው።

የአሹራ ገንፎ

ከምሽቱ ምገባ በእጅጉ የሚቀድመው ሥርዓት የአሹራ ገንፎ ነው። አሹራ የእስልምና የመጀመሪያ ወር የሆነው ሙሐረም በገባ በ10ኛው ቀን ይውላል። አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል፦ በአንድ የረሃብ ዘመን ጅቦች ሰው መብላት ጀመሩ። አውልያዎቹ በሐኪም ተራራ ላይ ተሰብስበው መከሩና ጅቦቹን ከማሳደድ ይልቅ ገንፎ አብልተው ለመታረቅ ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ቅቤ የጠገበ ገንፎ ከከተማው ውጭ ባሉ የአውልያ ቦታዎች ይቀርባል። ቀድሞ የሚቀምሰው የጅቦቹ አለቃ ነው ይባላል፤ ከግማሽ በላይ በልቶ ካስተረፈ ዘመኑ የጥጋብ ይሆናል። ጭራሽ ካልነካው ወይም ሙልጭ አድርጎ ከበላው ደግሞ ሽማግሌዎቹ ለዱዓ (ለጸሎት) ይቀመጣሉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጅቡ አልተሸነፈም፣ ቅዱስም አልሆነም። ጠብ ነበረ፣ ሽምግልና ተደረገ፣ ውሉም በየዓመቱ ይታደሳል። የአገራችን ሰው ዕርቅ የሚያወርደው በዚሁ መንገድ ስለሆነ የሐረር ልጅ ይህን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም።

ምሽት ላይ የሚሆነው

ቱሪስት የሚያየው ምገባ የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ልማድ ነው። በስፋት የሚታወቁት መጋቢ ዩሱፍ ሙሜ ለአሥርት ዓመታት ሲያበሉ ኖረው ሥራውን ለልጃቸው ለአባስ ዩሱፍ አስረክበዋል። አባስ አባቱን እያየ የተማረ ነው፤ ለዚህ ሙያ ሌላ ትምህርት ቤት የለውም።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ጀምሮ፣ መግሪብ ከተሰገደ በኋላ፣ መጋቢው ትራፊ ሥጋ የሞላ ቅርጫቱን ይዞ መሬት ላይ ይቀመጣል። ከጨለማው ወዲያ በባጃጅ መብራት የሚያበሩ ዓይኖች ይታያሉ። በስማቸው ይጠራቸዋል፤ ለእያንዳንዱ ስም አውጥቶለታል። የተጠራው ሁሉ ወዲያው አይመጣም። ፊት የሚቀርቡት ብዙ ጊዜ ትልልቆቹ ሴቶች ናቸው፤ የታች ማዕረግ ያላቸው ጅራታቸውን ከእግራቸው መሃል ወትፈው ከዳር ይጠብቃሉ። መጋቢው ሥጋውን በአጭር እንጨት ላይ ጠቅልሎ እንጨቱን በጥርሱ ይይዛል። ጅቢቱ አንገቷን ትዘረጋለች፣ ከፊቱ ስንዝር ርቀት ላይ ሥጋውን ብቻ ለቅማ ታፈገፍጋለች። አጥንት የሚሰብር መንጋጋ እንጨቱን ሳይነክስ መመለሱን በቅርብ ያየ ሰው ስለ ጅብ የሰማውን ግማሹን ይተዋል። ከዚያ የእንግዳው ተራ ይመጣል፤ የፈራ ልጅ አባቱ ጀርባ ተደብቆ ያያል፣ ያልፈራው እንጨቱን ይቀበላል።

የማይሆነውም መታወቅ አለበት። መጋቢው ጅቦቹን አጥር ሠርቶ አያስቀራቸውም። ያልመጣች ጅብ አልመጣችም፣ አለቀ። ከልማዱ ሁሉ ለልጅ ቀድሞ መነገር ያለበት ይህ ይመስለኛል። ለእንስሳ ደግ መሆን የራስ ማድረግ አይደለም፤ በሰዓቱ መገኘት፣ በስም መለየት፣ ሲሄድም መልቀቅ ነው።

ስድብ የሆነው ጅብ

በቀረው የአማርኛ ዓለም ጅብ መልካም ስም የለውም። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ»፣ «የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል»፣ «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ»፤ ሆዳም፣ ችኩል፣ ሰበበኛ ነው። በተረት ሲሞኝ ይኖራል። ተረቱ ያስቃል፤ ልጆቻችንም ይሳቁበት። ክፉው ነገር ተረቱ ወደ ሰው ሲዞር ነው። ቡዳ በሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው እምነት ለዘመናት የተለጠፈው በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋና በጠይቡ ላይ ነበር፤ ማረሻውን የሚቀጠቅጠው፣ ጀበናውን የምታበጀው በእጃቸው ፈጠራ አገር የሚጠቀምባቸው ሰዎች ጋብቻና ማዕድ ተከለከሉ። ስለ ፈጠራና ስለ ደግነት በክፍል ውስጥ ማውራት የሚፈልግ መምህር ከዚህ የቀረበ ርዕስ አያገኝም። እጀ ብልህን የሚያገል ሕዝብ ልጁን «ፈጣሪ ሁን» ቢለው ልጁ ምን ይሰማዋል?

ጅብ ራሱ ምን ዓይነት ነው

የሐረሩ ጅብ ነጠብጣባም ጅብ ነው። መልኩ ውሻ ቢመስልም በዝምድና የሚቀርበው ለድመት ወገን ነው። በመንጋ ይኖራል፤ የበላዮቹ ሴቶች ናቸው፣ ሴት ልጅም ከእናቷ ቀጥላ ያለውን ማዕረግ ትወርሳለች። ግልገሎቹ ብዙ ጊዜ ሁለት ሆነው ዓይናቸው ተገልጦ፣ ጥርስ አብቅለው ይወለዳሉ። «ሳቁ» የደስታ አይደለም፤ ሲጨነቅ ወይም ሲባረር የሚያሰማው ድምፅ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ብልሃቱ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ ላይ አሜሪካ በምርምር ማቆያ የሚኖሩ ጅቦች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሁለት ገመድ በአንድ ጊዜ መጎተት ነበረባቸው፤ አንዱ ብቻውን ቢጎትት ምግብ አይወርድም። ብዙ ሳይሠለጥኑ ደረሱበት። ልምድ ያላት ጅብ ከጀማሪ ጋር ስትጣመር አካሄዷን ለጀማሪው ትለውጥ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የኬንያ ጥናት ደግሞ ሥጋ የተቀመጠበት የብረት ሳጥን ለዱር ጅቦች አቀረበ። ከ62 ጅቦች የከፈቱት 9 ብቻ ናቸው። የከፈቱት ብዙ ዓይነት መላ የሞከሩት ነበሩ፤ መንከስ፣ መቧጠጥ፣ መገልበጥ፣ መግፋት። አንዱን መላ ብቻ ደጋግመው የታገሉት አልተሳካላቸውም። ፈተና ላይ በአንድ ቀመር ሙጭጭ ያሉ ተማሪዎችን ያረመ መምህር ይህን ጥናት ሲያነብ ሳይስቅ አይቀርም።

የእንስሳት ማቆያዎች ምን ያተርፋሉ

በማቆያ የሚኖሩ ጅቦች ተመሳሳይ ሳጥን ሲሰጣቸው ከዱሮቹ የተሻለ ከፍተዋል፤ አዲስ ነገር ያን ያህል አይፈሩምና። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ ሙከራም በሰሜን አሜሪካ 9 ማቆያዎች ለሚገኙ የ39 ዝርያ 140 እንስሳት እንዲሁ ሳጥን አቅርቦ ነበር፤ 35 በመቶ ያህሉ ከፈቱት፣ ድቦች ግንባር ቀደም ሆኑ። ዛሬ ደህና የሚባሉ ማቆያዎች ምግቡን ሳህን ላይ አያቀርቡም። ይደብቁታል፣ ይሰቅሉታል፣ ሳጥን ውስጥ ይከቱታል፣ እንስሳው አስቦ እንዲያገኘው። በብረት ፍርግርግ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲመላለስ የሚውል አንበሳ ብዙ ጊዜ የተራበ ሳይሆን ሥራ የፈታ ነው።

ለሐረር ተማሪ በአገር ውስጥ ስማቸው የሚነሱት ማቆያዎች ሩቅ ናቸው። በ1948 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢና በ2019 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአንድነት ፓርክ አዲስ አበባ ናቸው። በቅርብ ያለው ከሐረር በስተደቡብ ምሥራቅ የተዘረጋውና በ1970 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ነው። እዚያ ደግሞ እንስሳው እንደ ሐረሩ ጅብ ነፃ ነው፤ ዝሆን ሳይታይ መመለስም አለ።

ክፍል ውስጥ

በሐረሪ ክልል የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በሐረሪ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይሰጣል። የአንድ ሰፈር ልጆች በየቤታቸው የሚሰሙት የጅብ ተረት ይለያያል ማለት ነው፤ አንዱ ቤት ጅቡ ሞኝ ነው፣ ሌላው ቤት ጂን አባራሪ። በአገራችን ትምህርት ቤቶች የተለመዱት ክበባት፣ ሚኒ ሚዲያው፣ የአካባቢ ጥበቃው፣ የበጎ አድራጎቱ፣ ይህን ለመሰብሰብ ገንዘብ አያስፈልጋቸውም። አንዱ ተማሪ ከአያቱ ተረት ይዞ ይመጣል፣ ሌላዋ ትሥላለች፣ ሦስተኛው በሰልፍ ሰዓት በማይክ ያነበዋል። ግብረ ገብን በቃል ከማስጠናት ይህ ሳይሻል አይቀርም።

የአብሮነቱ ትምህርት በከተማዋ በራሷ ውስጥም አለ። አፎቻ የሐረሪዎች መረዳጃ ነው፤ እድርን ይመስላል፣ የወንዶችና የሴቶች ለየብቻ ሆኖ በሠርግና በለቅሶ ይደርሳል። ከዚያ በታች ከልጅነት የሚጀምርና እስከ እርጅና የሚዘልቅ የእኩዮች ጓደኝነት አለ። ሴት ልጆች በቡድን ተቀምጠው ከታላላቆቻቸው የሚማሩት የሐረር ስፌትም የዚሁ አካል ነው። ቀለሙንና ጌጡን ታላቅ ታሳያለች፣ ታናሽ ትሰፋለች፤ እየሰፉ ይጫወታሉ። በርጩማ ላይ ተደርድሮ ሰሌዳ ብቻ ከማየት የተለየ የመማር ዘዴ ነው፤ የሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜ በዚህ መልክ ቢያዝ የሚከብድ ነገር የለውም።

ጥንቃቄ

ጅብ አውሬ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል፣ ሌሊት ብቻውን የተኛ ሰውና ሕፃንም ሊያጠቃ ይችላል። ተማሪዎችን ወደ ምገባው የሚወስድ መምህር ልጆቹን ከመጋቢው ጀርባ ማስቀመጥ፣ ሥጋ በኪስ ወይም በቦርሳ እንዳይያዝ መከልከል፣ ሩጫና ጩኸት እንዳይኖር ማስጠንቀቅ ይኖርበታል። ልጅ ካልፈለገ እንጨቱን እንዲይዝ አይገደድም፤ ጓደኞቹ «ፈሪ» ብለው እንዳይስቁበት ማድረግም የመምህሩ ሥራ ነው። ግልገል ያለበት ጉድጓድ ለተማሪ ጉብኝት አይሆንም።

ለልማዱ የሚያሰጋው ግን ከጅቡ ይልቅ የከተማዋ መስፋፋት ነው። ጉድጓዶቹ ያሉባቸው ዳገቶችና ገደላ ገደሎች ቤት እየተሠራባቸው ነው፣ መንገዱና መብራቱም እየቀረበ። የእንግዳው ካሜራ ብልጭታም አለ፤ ጅቡን ሊያስደነግጠው ይችላል። አስቀድሞ ፍላሹን ማጥፋትና የባጃጁን መብራት ዝቅ ማድረግ ይሻላል።