ታማሚና እንስሳ፦ ሀዋሳ ላይ ሆነን ስናየው

እንስሳ ለታማሚና ለአረጋዊ ስለሚሰጠው ጥቅም ባማርኛ አንድ ላይ የተሰበሰበ ጽሁፍ ስላጣሁ ነው ይቺን ያጠናቀርኳት። ነገሩ ሁለት መልክ አለው፣ አንዱ ታማሚው ቤቱ ካለው እንስሳ ጋር መዋሉ ነው፣ ሌላው የሰለጠነ ውሻ ወይ ፈረስ በባለሙያ እየተመራ የህክምናው አካል ሲሆን ነው። ሀዋሳ ላይ የምናውቀው የመጀመሪያውን ነው፣ እሱንም ህክምና ብሎ የሚጠራው ሰው አልገጠመኝም።

በጽሁፍ የቆየው ታሪክ የፈረንጆቹ ነው። እንግሊዝ ዮርክ ላይ በ1796 እ.ኤ.አ. (ከታች ያሉት አመቶችም እንደዛው ናቸው) የተከፈተው ሪትሪት የተባለ የአእምሮ ህሙማን ቤት፣ ሌላው ቦታ ታማሚ በሰንሰለት በሚታሰርበት ዘመን፣ ግቢው ውስጥ ጥንቸልና ዶሮ ይለቅላቸው ነበር። የታወቀችው ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌልም ህመሙ ለቆየበት ሰው ትንሽ እንስሳ ጥሩ ጓደኛ ነው ብላ ጽፋለች። በ1960ዎቹ ደግሞ ቦሪስ ሌቪንሰን የሚባል የኒውዮርክ የስነልቦና ባለሙያ ጂንግልስ የተባለ ውሻውን ከህጻናት ታካሚዎቹ ጋር እያስቀመጠ ያየውን ጻፈ።

ሁሉም የሚጠቅሰው ግን የ1980ው የተመራማሪዋ የኤሪካ ፍሪድማን ጥናት ነው። 92 የልብ ታማሚዎች ለአንድ አመት ክትትል ተደርጎባቸው፣ እንስሳ ካላቸው 53ቱ 3 ሲሞቱ ከሌላቸው 39ኙ ደግሞ 11 ሞቱ። ቁጥሩ ያስደነግጣል፣ ግን ቀድሞውኑ ሻል ያለው ሰው ነው እንስሳ የሚያሳድገው የሚል ክርክር አለ፣ በኋላ የተሰሩት ጥናቶችም አንዱ ደገፈው አንዱ አልደገፈውም። የአሜሪካ ልብ ማህበር በ2013 ውሻ ማሳደግ ለልብ ሊጠቅም ይችላል ካለ በኋላ ለዛ ብላችሁ ብቻ ግን አትግዙ አለ፣ ልክ ነው። እንዴት ይሰራል ከተባለ፣ እንስሳ ሲዳብሱ የደም ግፊትና ጭንቀት ለጊዜው ይቀንሳል፣ ውሻ ያለው ሰው በእግሩ ይሄዳል፣ ደግሞ እንስሳ መብላት ስላለበት ታማሚው ከአልጋው ይነሳል።

ይሄ የመጨረሻው ነው የኛ። አያቴ ስትሮክ ቀኝ እጇን ከያዘባት በኋላ ጣቶቿን እንድታፍታታ የተሰጣትን የላስቲክ ኳስ ወርውራ ጣለችው፣ ጠዋት ለዶሮዎቿ ጥሬ ስትበትን ግን በዛው በቀኝ እጇ ነው፣ መጀመሪያ ከመዳፏ ይንጠባጠብ ነበር፣ እየቆየ ሩቅ ያለችዋ ጫጩት ጋ መድረስ ጀመረ። ሀይቁ ዳር ያለው አሳ ገበያ አሞራ ገደልም ጠዋት አሳው ሲገፈፍ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍ እንደ ሽማግሌ ተሰልፎ ሲጠብቅ ማየት ቤት ተዘግቶበት ለከረመ ሰው ሌላ ነው፣ እንደዚህ አይነት ከተማ የት ይገኛል። ጦጣዎቹን ግን ከእጅ ማብላት ይቅር፣ ይነጥቃሉ፣ ይነክሳሉም። በሲዳማ ገጠርም ከብትና ሰው አንድ ጣሪያ ስር ማደሩ የኖረ ነው።

ውሻ እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ከግቢ አልፎ ቤት አይገባም፣ የሃይማኖትም ምክንያት አለው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ አይተርፉበትም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ውሻው በየአመቱ ይከተብ፣ የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይሂድ፣ ጸበሉን የፈለገ ከክትባቱ ጋር። የድመት አይነምድር ነፍሰጡርና የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ባይጠርግ ይመረጣል። ዶሮ የነካም በሳሙና ይታጠብ፣ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ጀርም አለ። አያቴ ጥሬውን በትና በዛው እጇ ዳቦ ትቆርሳለች፣ የሚናገራት ደግሞ የለም።